የሳንሱር መቀስና የጦርነት ጨዋታ

ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ጌም ቤት ሲተኩስና ሰው ሲጥል የዋለበት ወላጅ «መንግሥት ይህን ነገር ለምን አይከለክልልንም?» ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። መልሱን ግን ከወላጁ ስጋት ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ ከልክል የሚባለው አካል እስከ ዛሬ ምን ሲከለክል እንደኖረም መታየት አለበት። የኢትዮጵያ መንግሥታት ለረጅም ዘመን መድረኩን፣ መጽሐፉን፣ ፊልሙንና ጋዜጣውን ሲመረምሩ ኖረዋል። የዚያ ምርመራ ታሪክ በተነበበ ቁጥር ደጋግሞ የሚወጣው እውነት መቀሱ በደም ምክንያት ተነሥቶ እንደማያውቅ ነው። የተነሣው አንድ ሥራ ያለፈውን ዘመን ከዛሬው ገዢ ጋር ባገናኘ ጊዜ ነበር። ስለዚህ የግድያ ጌሞችን ለመንግሥት መርማሪ አሳልፎ መስጠት ልጆቻችንን ከጭካኔ አይጠብቅልንም፤ በምትኩ ታሪካችንን በአዲሱ ዘመን መሣሪያ የመናገር መብታችንን ያሳጣናል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ማስረጃውም ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ በርሊንና ቤጂንግ ተዘርግቶ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአውሬዎች ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ራሽያ ተልከው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለ ተውኔት አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። የአማርኛ ዘመናዊ ቴአትር ታሪክ የሚቆጠረው ከዚህ ሥራ ነው። መነሻው የላፎንቴን ተረት፣ ገጸ ባሕርያቱም እንስሳት ነበሩ። ይሁንና በአውሬዎቹ አፍ የሚነገረው የአስተዳደር ብልሹነት የማን እንደሆነ ለማወቅ ተመልካቹ መኳንንት አልተቸገረም። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ ቴአትር የተባለው ነገርም ለዓመታት ከመድረክ ራቀ፣ የተመለሰውም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጋር ነው። ተክለ ሐዋርያት ከመንግሥት ውጭ የቆሙ ሰው አልነበሩም። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተሟገቱ፣ በጨርጨር ገዢነታቸውም ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያለችውን አሰበ ተፈሪን ያቋቋሙ ባለሥልጣን ናቸው። የእኒህን ሰው የእንስሳት ጨዋታ ያገዱት ሰዎች ያሰጋቸው ሕፃናት መደንገጣቸው አልነበረም። ያሰጋቸው መመሳሰሉ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው ዘመን ደግሞ ተቃራኒውን ምስክር ይሰጠናል። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» ብለው ስለ አቡነ ጴጥሮስ ጻፉ፤ ርዕሱ ራሱ ደም ነው፣ ታሪኩም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ በጥይት የተረሸኑት ጳጳስ ታሪክ ነው። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡትን ንጉሥ «ቴዎድሮስ» በሚል ተውኔት አመጡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፈ። ግድያና ራስን ማጥፋት በመድረክ ላይ ይታይ ነበር ማለት ነው፤ የታሪኩ ጠላት ጣሊያን ወይም እንግሊዝ እስከሆነ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ይህን የታሪክ ተውኔት በደስታ ተቀብሎታል። በዚያው ዘመን አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። በማኅፀን ያለ ልጅ ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ የሚሟገትበት ታሪክ ነው፤ አገሩም በስም አልተጠራም። መጽሐፉ ታገደ። የተረሸነ ጳጳስ ሲፈቀድ ያልተወለደ ልጅ የታገደው ለምን እንደሆነ በጭካኔ መጠን ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ይደክማል። በትርጉም ከሄደ ግን ወዲያው ይገባዋል፤ ጳጳሱን የገደለው ሄዷል፣ ልጁ የሚሸሸው ግፈኛ ግን በሥልጣን ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የወሎ ረኀብ ፊልም ጉዞ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ያ ዘገባ ዓለምን ሲያስለቅስ የረኀቡ ባለቤት የሆነው ሕዝብ አላየውም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረኀቡን ይሸሽግ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አዳብሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። በምስሉ ላይ ያሉት የሚሞቱ ሕፃናት በሁለቱም ጊዜ ያው ናቸው። የተለወጠው ምስሉን የያዘው እጅ ብቻ ነው። ይኸው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚያህሉ ሰዎችን ገድሎ ግድያውን በራዲዮ አወጀ፤ በቀይ ሽብር ጊዜም የወጣቶችን ሬሳ ላያቸው ላይ ጽሑፍ እየለጠፈ በአደባባይ አስጥቷል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚያ ሬሳ አጠገብ ያልፉ ነበር። የዚያው መንግሥት የሳንሱር ክፍል በሌላ በኩል ቁጭ ብሎ የልብ ወለድ ረቂቅ ያነባል። በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የመሠረተውን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» ውስጥ ያለው ሞት መንግሥት በራሱ በራዲዮ ከሚያውጀው ሞት አይበልጥም ነበር። የሚበልጠው በትርጉሙ ነው፤ ድል የተባለውን ዘመቻ ሽንፈት ብሎ ገና ትኩስ ሳለ ጻፈው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ያ ሁሉ ያለፈ ሥርዓት ነው፤ ጌም ደግሞ የባህል ጉዳይ ነው። የግድያ ጨዋታ ከውጭ የመጣ እንጂ የእኛ አይደለም» የሚል። የመጀመሪያውን ክፍል ቆይቼ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ግን ከራሳችን ባህል ጋር አይገጥምም። በአማራው ፉከራና ሽለላ፣ በኦሮሞው ጌራርሳ ጀግናው የጣለውን ሰውና አውሬ እየቆጠረ፣ ጦሩን እየነቀነቀ ሲናገር ሕፃናት ከፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ በዋሂልም ቢሆን፣ ያለፈው ዘመን ከመጽሐፍ ይልቅ በሽማግሌዎች አንደበትና በእንዲህ ያለ ዜማ ነው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው። ጉግስ የፈረሰኛ ውጊያ ልምምድ ነው። ገና ጨዋታ እግር የሚሰብር ነው፤ በዚያ ቀን ጌታው ከአሽከሩ ጋር ተጋፍቶ ቢሰደብ እንኳ እንዲታገሥ ልማዱ ያስገድደዋል። የመኳንንቱ ሰንጠረዥ የጦርነት ጨዋታ ነው፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ትግራይ ሲደርስ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያው ክፍል «ወረራ» ይባላል፤ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። በዚህ ላይ የሚተክዝ ሰው ካለ ጦርነትን የሚጫወት ሕዝብ እኛም እንደነበርን መቀበል አለበት። ባህላችን ግድያን ከልጅ ዓይን አልሰወረም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ጨዋታውን በቀን ወሰነው፣ በቦታ ወሰነው፣ ሽማግሌ አስቀመጠበት፣ የሚፎክረውንም ሰው «በምን ጊዜ፣ ስለ ማን ገደልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰሚ ሰጠው። ዛሬ ጌም ቤት ውስጥ የጎደለው ይህ ሰሚ ነው፤ እርሱን ደግሞ በክልከላ አዋጅ ማምጣት አይቻልም።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ልመለስ። እውነት ነው፣ ሕጉ ተለውጧል። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ማናቸውንም የቅድሚያ ምርመራ ይከለክላል። ይኸው አንቀጽ ግን ለወጣቶች ደኅንነትና ለሰው ክብር ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳም እንደሚከለከል ይናገራል። ስለዚህ የግድያ ጌሞችን እንከልክል የሚል ሰው ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም፤ የሚቆምበት አንቀጽ አለው። የሚያሰጋኝም ይህ በር ነው። «የወጣቶች ደኅንነት» እና «የጦርነት ቅስቀሳ» የሚሉት ሐረጎች ማንኛውም ባለሥልጣን የማይወደውን የታሪክ ትረካ ሊያስገባባቸው የሚችል ስፋት አላቸው። ልማዱ ደግሞ አልሞተም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በተነሣው ሁከት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር፤ የተሰጠው ምክንያት ሰውን ከሰው የሚያባላ መልእክት እንዳይሠራጭ የሚል ነው። በዚያ ወር የነበረው አደጋ እውነተኛ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ጥፋተኛውን ቃል ለይቶ መጠየቅ ሲቻል መቶ ሚሊዮን ሕዝብን በአንድ ጊዜ ዝም ማሰኘት የሳንሱር ክፍሉ ሰዎች ከሚሠሩት በምን ይሻላል? እነርሱ ቢያንስ ረቂቁን ያነቡ ነበር።

ሌሎች አገሮች ይህን ከእኛ በፊት ሞክረውታል፤ ሁለቱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ጀርመን የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ሕጓ ትከለክላለች። ምክንያቱን ታሪኳ ራሱ ይናገራል፤ የተከበረ ምክንያት ነው። ሕጉ ለኪነ ጥበብ፣ ለትምህርትና ለታሪክ ሥራ ፈቃድ ይሰጣል፤ በዚህም ፊልሞች ያን ምልክት ሲያሳዩ ኖረዋል። ጌም ግን እንደ ኪነ ጥበብ ስላልተቆጠረ «ቮልፈንሽታይን 3ዲ» የተባለው ተጫዋቹ ናዚዎችን የሚወጋበት ጌም እ.ኤ.አ. በ1994 ተወረሰ። የዚያ ተከታይ የሆነው ጌም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ለጀርመን ገበያ የተዘጋጀው ቅጂ የሂትለርን ጢም አጥፍቶ፣ ናዚዎችን «አገዛዙ» ብሎ ጠርቶ ቀረበ። ይህን ልብ እንበል። ታሪክ እንዳይደገም ተብሎ የወጣ ሕግ የታሪኩን ጥፋተኛ ስም አልባና ፊት አልባ አደረገው። ጉዳቱ የታየው በተለይ ቁም ነገር ያላቸው ሥራዎች ሲመጡ ነው። «ስሩ ዘ ዳርከስት ኦቭ ታይምስ» የተባለው ጌም ተጫዋቹን በርሊን ውስጥ ሂትለርን በድብቅ ከሚታገሉ ተራ ሰዎች ጋር ያሰልፈዋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ የጠላቱን ምልክት እየሸፈነ እንዴት ሊያስተምር ይችላል? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የጀርመን የጌም ምደባ ተቋም አሠራሩን ለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጌም በየራሱ ይታያል፣ ምልክቱ ለታሪክና ለኪነ ጥበብ ሲውል ይፈቀዳል። ክልከላን አጥብቃ የያዘች፣ ለክልከላዋም ከማንም የበለጠ ምክንያት ያላት አገር ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ የደረሰችበት ውሳኔ ነው።

የቻይናው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የቻይና የባህል ሚኒስቴር «ኸርትስ ኦቭ አይረን» የተባለውን የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጌም አገደ። የታገደው ስለ ጭካኔው አይደለም፤ በካርታ ላይ ቀስት የሚንቀሳቀስበት፣ የሰው ፊት እንኳ የማይታይበት ጨዋታ ነው። ጥፋቱ ካርታው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካርታ ላይ ማንቹሪያና ቲቤት እንደ ራሳቸው አገር፣ ታይዋን በጃፓን ሥር ሆነው መታየታቸው የቻይናን ሉዓላዊነት ይነካል ተባለ። ታይዋን በዚያ ዘመን በጃፓን ሥር እንደነበረች ግን ማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይመሰክራል። መቀሱ እንደገና ሄዶ ያረፈው ታሪክ ላይ ነው። ለእኛ ነገሩን የሚያቀርበው ደግሞ የዚሁ ጌም አራተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ተጨማሪ ክፍል የጣሊያንን ወረራና የኢትዮጵያን መከላከል ዋና ርዕሱ ማድረጉ ነው። የሠሩት ስዊድናውያን ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎም «ሲቪላይዜሽን» የተባለው የአሜሪካኖቹ ጌም በአንድ እትሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ በሌላው ዳግማዊ ምኒልክን የኢትዮጵያ መሪ አድርጎ አቅርቧል። የእኛ ጦርነትና የእኛ ነገሥታት ጌም ውስጥ ገብተዋል፤ የቀረነው እኛ ባለታሪኮቹ ነን። «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ከመሳሰሉ አገር በቀል ጌሞች የታየው ጅምር ወደ ታሪክ እንዲሻገር የሚፈልግ ሰው ገና ያልተጀመረውን ሥራ በፈቃድና በምርመራ ማሰር የለበትም።

ክርክሬ የሚፈተነው ግን ድሬዳዋ ላይ ነው። ከተማዋ የተመሠረተችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ የፊልም ጥቅልም ሆነ መጽሐፍ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በእርሷ ያልፍ ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮን የቅዱስ ላዛር ማተሚያ ቤትም እዚሁ ያትም ነበር። ያ ዘመን ለመርማሪ የተመቸ ነው፤ አንድ ሐዲድ፣ አንድ ጉምሩክ። አሁን በዋሂል ያለ ልጅ ስልክ ካገኘ «ፍሪ ፋየር» ወይም «ፐብጂ» የተባለውን የተኩስ ጌም የሚያወርደው በባቡር ጣቢያው በለገሃሬ በኩል አይደለም፤ የሚቆምበት ኬላ የለም። የጦርነቱ ታሪክ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን የወረረው የሶማሊያ ጦር በታንክ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። የአየር ኃይል ጣቢያ፣ የባቡር መሥሪያ ቤትና የሲሚንቶ ፋብሪካ የነበራት ከተማ ብትያዝ ኖሮ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ በሙሉ ከእጅ ይወጣ ነበር። የኩባ ተዋጊ ጦር ገና አልደረሰም። ከተማዋን ያዳኑት የአገሪቱ የራሷ ወታደሮች፣ ገና የሠለጠኑ ሚሊሺያዎችና የአየር ኃይሉ አብራሪዎች ናቸው። በቀጣዩ መስከረም ጅግጅጋ ስትወድቅ ድሬዳዋ አልወደቀችም። በዚያ ጦርነት ለወደቁት አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ የካቲት 26ም የካራማራ ድል ቀን ተብሎ ይታሰባል። የነሐሴው የድሬዳዋ ውጊያ ግን ብዙ የከተማዋ ልጆች በቅጡ የማያውቁት ታሪክ ሆኗል።

እንግዲህ አንድ የድሬ ወጣት ይህን ውጊያ ጌም ላድርገው ቢል ምን እንለዋለን? ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የቀረበውም በክፋት አይደለም። ድሬዳዋ ኦሮሞውም ሶማሌውም፣ አማራውም ጉራጌውም፣ ሐረሪውም በአንድ ግቢ የሚኖርባት ናት። ሁለት ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ አንሥተውባት በፌዴራል መንግሥት ሥር እንድትተዳደር የተደረገች፣ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቻርተር የተሰጣት ከተማ ናት። በአንዱ ቤት የ1969 ነሐሴ የመዳን ቀን ነው፤ በሌላው ቤት በጥርጣሬ የተወሰደ አባት የሚታሰብበት ዘመን ሊሆን ይችላል። ልጆች ተቀምጠው «ጠላት» እየተባለ የጎረቤታቸውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲጥሉ መዋል ቁስል አይቀሰቅስም ወይ? ይቀሰቅሳል፣ በክፉ እጅ ከተሠራ። ለዚህም ነው ጌሙ ማንን ጠላት እንዳደረገ፣ የሶማሌ ተወላጅ የከተማዋን ነዋሪ ከወራሪው ጦር ለይቶ ያሳየ እንደሆነ፣ በአደባባይ ሊጠየቅ የሚገባው። ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ማን ነው? በዝግ ቢሮ ያለ መርማሪ ከሆነ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ጌሙ ከነጭራሹ ይቀራል፣ ወይም የመንግሥትን ትረካ ብቻ ይዞ ያልፋል። ሁለቱም ያንን አባት ያጣ ቤት አይጠቅሙም፤ ስለ አባቱ የሚናገር ቦታ አይሰጡትምና። ዝምታ ቁስል አያሽርም፤ ሰዎች የየራሳቸውን ታሪክ በየራሳቸው ጓዳ እንዲያብላሉ ያደርጋል፣ የጓዳ ታሪክ ደግሞ የሚያርመው የለውም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የሟቾችን አጽምና ልብስ አውጥቶ ያሳያል፤ ተማሪዎችም ይጎበኙታል። ያን አጽም ያየ ልጅ ጨካኝ ይሆናል ብሎ የተከራከረ የለም፤ ምክንያቱም አጽሙን የሚያሳየው ቤት ማን እንደገደለና ማን እንደሞተም ይነግረዋል።

ጌም ከሙዚየም ይለያል የሚለው ክርክር ይገባኛል። ሙዚየም ውስጥ ልጁ ተመልካች ነው፣ ጌም ውስጥ ቃታውን የሚስበው ራሱ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ስለዚህም ዕድሜ ሊታይ ይገባል። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ ጨካኝ ጌሞች ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር በመጠኑ እንደሚያያዙ፣ ከእውነተኛ የወንጀል ጥቃት ጋር ግን የሚያያይዛቸው በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ይህን መግለጫ ይዞ ጌም ምንም አያደርግም ማለት ስሕተት ነው፤ ወንጀለኛ ያደርጋል ማለትም ስሕተት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የአዋቂ ጌም ላይ መቀመጥ የለበትም፤ የወንጀል ሕጋችንም በልጆች ውስጥ የጭካኔን ስሜት የሚያነሣሣ ነገር ማሳየትን ይከለክላል። እኛ ግን ጌሞችን በዕድሜ የሚመድብ ተቋም አላቋቋምንም። የተለመደው በየጊዜው ዘመቻ ወጥቶ ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ቤቶችን ከሺሻ ቤትና ከጫት ቤት ጋር ደርቦ ማሸግ ነው። ይህ ደግሞ በሥራ አጥነት መካከል ሁለት ቴሌቪዥን ገዝቶ የሚያጫውተውን ወጣት ይቀጣል እንጂ፣ ፊፋ የሚጫወተውን ልጅ በጌም ሰው ከሚያርደው ልጅ አይለይም። በተጨማሪም ከጌም የከፋው ነገር ከእጃችን ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ግጭቶች የተቀረጹ እውነተኛ ግድያዎች በስልክ ከልጅ ወደ ልጅ ተላልፈዋል፤ የተገደሉት የእኛው ሰዎች፣ ገዳዮቹም የእኛው ሰዎች ናቸው። የተሳለ ደም ከመከልከላችን በፊት ያን እውነተኛ ደም ያየውን ልጅ ማን አነጋገረው?

ስለዚህ የምደግፈው የዕድሜ ምደባን ነው፤ ክልከላን አይደለም። መዳቢዎቹ ከአንድ ቢሮ የተሾሙ ባይሆኑ፣ መምህርም የታሪክ ባለሙያም ወላጅም የጌም ሠሪም ቢኖሩባቸው፣ ውሳኔያቸው ከነምክንያቱ ታትሞ ቢወጣ፣ የተከፋም ፍርድ ቤት ቢሄድ የሳንሱር ክፍሉ ልማድ አይመለስም። ጌም ቤት በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያስገባ ማድረግ ቀላል ነው፤ ለዚህ የታሪክ ምርመራ አያስፈልግም። የታሪክ ይዘትን በተመለከተ ግን አንድም የመንግሥት እጅ ሊገባ አይገባም። የሰውን ዘር ለይቶ ለማጥፋት የሚቀሰቅስ ጌም ቢመጣ በዳኛ ፊት ይጠየቅ፤ እስካሁን የነበረን ልምድ ግን ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚጠፋው «ኦሮማይ» መሆኑን ያሳያል።

የድሬዳዋ አስተዳደር የባህልና የትምህርት ቢሮዎች፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም፣ ስለ ጌም ከመከራከር አስቀድመው አንድ ሥራ ሊይዙ ይችላሉ። የነሐሴ 1969ን ውጊያ ያዩ ሰዎችን ቃል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ፣ ከከተማውም ከዋሂልና ከሌሎቹ የገጠር ቀበሌዎችም ይቅረጹ፤ የተቀረጸውን ሳይቆርጡ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያኑሩት። መጽሐፍ የሚጽፍም፣ ፊልም የሚሠራም፣ ጌም የሚያዘጋጅም ወጣት ከዚያ ይነሣል። በዚያ ነሐሴ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቷል።